ለዘጠና ደቂቃ የመጣው እንግዳ

የወላይታ አባቶችና እናቶች፣ የወላይታ ድቻ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች፣ ተማሪዎች፣ ሆቴልና ሥጋ ቤት ከፍታችሁ እንግዳ የምትቀበሉ ወገኖቼ!

«ስለ ስታዲየምና ስለ ጉብኝት ንግግር አድርግልን» የሚለው ጥሪያችሁ ሲደርሰኝ ስለ ባርሴሎና ወይም ስለ ሊቨርፑል እንዳወራ የፈለጋችሁ መስሎኝ ነበር። መልሼ ስደውል «የለም፣ ስለ ራሳችን ሜዳና ስለ ራሳችን ከተማ ነው» አላችሁኝ። ያን ጊዜ ልቤ ሞላ። ስለ ሰው አገር ስታዲየም የሚተርክ ሞልቷል። በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚቀመጠው ወጣት አንፊልድን ሳያየው እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል። ስለ ሶዶ ስታዲየም አዳራሽ ሞልቶ ሊነጋገር የተሰበሰበ ሰው ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ጥሪው ከልቤ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ጉዳዬ አንድ ጥያቄ ነው። ኳስ ሊያይ ወደ ሶዶ የመጣ እንግዳ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ወደ መኪናው ይሮጣል። ይህን ሰው እንዴት እናሳድረው? መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ስታዲየሙን የከተማው በር ካደረግነው ያድራል። መጀመሪያ ስለ ስታዲየሙ፣ ቀጥሎ ስለ ከተማውና ስለ ዙሪያው፣ በመጨረሻም ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ልናደርገው ስለምንችለው ነገር እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄው ከየት እንደመጣ የራሴን ታሪክ ላጫውታችሁ።

በ2011 ዓ.ም. ነበር። ድቻ የግብፁን ዛማሌክን የጣለበት ወሬ ገና አልበረደም። እኔና ጓደኞቼ የምንደግፈውን የአዲስ አበባ ቡድን ተከትለን፣ ሚኒባስ ተከራይተን፣ ሌሊት ተነሥተን በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል መጣን። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ሶዶ የደረስነው ለጨዋታው ጥቂት ሲቀረው ነው። በቀጥታ ወደ ስታዲየሙ ገባን። እኔ የተቀመጥኩት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ካለው የወላይታ ባህላዊ ጨርቅ ከዱንጉዛ የተሠራ ኮፍያ ካደረጉ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ነበር። የተጋጣሚ ደጋፊ መሆኔን ሲያውቁ ፊታቸው አልተለወጠም። «ጠጋ በል ልጄ፣ ፀሐዩ ይመታሃል» አሉኝና ከያዙት ቆሎ ዘገኑልኝ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ዳሞታ ተራራ አመለከቱ። «ተራራው ደመና ለብሷል። ከእረፍት በኋላ ይዘንባል» አሉ። እውነትም ዘነበ።

ጨዋታው እንዳለቀ ሾፌራችን «ሳይመሽ ሆሳዕናን እንለፍ» ብሎ አጣደፈን። ምሳ አልበላንም። አረካ ስንደርስ በመስኮት ሙዝ ገዛን። ወደ አጆራ ፏፏቴ የሚኬደው በዚያው በአረካ በኩል መሆኑን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ስለ ጥንት ሰዎች የተጻፈ ነገር ሳነብ «ሞቼና ቦራጎ» የሚል ስም አገኘሁ። ከ50,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ የኖሩበት ዋሻ ነው ይላል። የት ነው ብዬ ስፈልግ ዳሞታ ተራራ ላይ ነው! ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ፊት ለፊቴ የነበረው፣ ሽማግሌው በጣታቸው ያሳዩኝ ያው ተራራ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አምልጦኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ተቆጭቼ አላውቅም። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ያ ቁጭት ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። ሰው ስታዲየም የሚጎበኘው ምን ሊያይ ነው?

ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ1984 ካምፕ ኑ ውስጥ ሙዚየም ከፈተ። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የገባበት ጊዜ አለ። አብዛኛው ጨዋታ በሌለበት ቀን ነው የሚመጣው። ባዶ ሜዳ ለማየት ከፍሎ ይገባል! ዋንጫውን ያያል፣ ተጫዋቾቹ የሚወጡበትን መተላለፊያ በእግሩ ይሄድበታል፣ ከዚያም ከተማው ውስጥ ይበላል፣ ያድራል። ሊቨርፑልን ተመልከቱ። በወደብ ሥራ የኖረ ከተማ ነው፤ የወደቡ ሥራ ሲቀዘቅዝ ብዙ ተቸገረ። ዛሬ እንግዳ የሚጠሩለት ሁለት ነገሮች ኳስና የቢትልስ ሙዚቃ ናቸው። አንፊልድን ሊያይ የመጣው ሰው ቢትልሶች የዘፈኑበትን ቤት ሳያይ አይመለስም፤ ምክንያቱም የሚነግረው ሰው አለ።

ሩቅ ከምንሄድ የራሳችንን እናንሣ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ቢያረጅም ስሙ ሲነሣ ልባችን የሚሞቀው ለምንድን ነው? በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው እዚያ ሜዳ ላይ ስለሆነ ነው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው፣ መንግሥቱ ወርቁ ጎል ያስቆጠረው እዚያ ነው። ስታዲየምን ስታዲየም የሚያደርገው እንዲህ ያለ ትዝታ ነው። ከዚህ ሌላ ያለው ሲሚንቶና ሣር ነው።

ታዲያ የሶዶ ትዝታ ምንድን ነው? እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ እንዲሰሙት ግን ደግሜ ልናገረው።

ወላይታ ድቻ የተመሠረተው በ2001 ዓ.ም. ነው። ድቻ በወላይትኛ እድገት ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁት ግን ይህ ስም ምኞት የያዘ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ቡድኑ በ2006 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። በ2009 ዓ.ም. በአሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ እየተመራ የጥሎ ማለፍ ዋንጫውን ወሰደ፤ በፍጻሜው የጣለው መከላከያን ነው። ስምንት ዓመት ዕድሜ ያለው ቡድን! ያ ዋንጫ የአፍሪካን መንገድ ከፈተለት።

በ2010 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ላይ መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አለፈ። ቀጥሎ የደረሰው ዛማሌክ ነው። ዛማሌክ ማለት እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አምስት ጊዜ የወሰደ ቡድን ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደው ሐዋሳ ላይ ነበር። ደጋፊው በቦዲቲ፣ በአላባ፣ በሻሸመኔ አድርጎ ጎረፈ፤ ከእናንተ መካከል የሄዳችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። ካይሮ ላይ ደግሞ ዛማሌክ በተመሳሳይ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሁለቱም እኩል ሆኑ፤ ወደ መለያ ምት ተሄደ። እዚያው ካይሮ፣ በሰው ሜዳ፣ ድቻ 4 ለ 3 ረትቶ አለፈ። ቀጥሎ በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ተገታ፤ እሱንም ቢሆን የመልሱን ጨዋታ ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ ነው የወጣው። ዛማሌክ በዓመቱ ይህንኑ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አነሣ። ድቻ የጣለው እንዲህ ያለውን ቡድን ነው።

በ2011 ዓ.ም. ስታዲየም አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ የካይሮውን ጨዋታ ሌሊት እንዴት እንዳሳለፉ ነግረውኛል። ወሬ ለመስማት ሰው የታጨቀበት አንድ ቤት ደጃፍ ቆመው ነበር። መለያ ምቱ ሲጀመር መታገሥ አቃታቸውና ወደ መንገዱ ዳር ራቅ ብለው ጀርባቸውን አዞሩ። ከቤቱ የሚወጣውን ጩኸት ብቻ እየሰሙ ይቆጥሩ ጀመር። «ጭጭ ሲል ልቤ ይወርዳል፤ ሲጮኽ ይመለሳል። በመጨረሻ የሚቆጠር ጩኸት አልነበረም ልጄ፤ ሰው እየሮጠ ወጥቶ ያቅፈኝ ጀመር፤ ማን እንዳቀፈኝ እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉኝ። እኚህን አባት አጠገቤ ባላገኝ ኖሮ ስለዚያ ሌሊት የማውቀው ውጤቱን ብቻ ነበር። ወደ ሶዶ የሚመጣው ሁሉ እንዲህ ያለ ጎረቤት አይገጥመውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህ ነው። ለድቻ አንድ ክፍል እናዘጋጅ። ትልቅ ሕንፃ አልጠየቅሁም። አንዲት ንጹሕ ክፍል፣ መስኮቷ ወደ ሜዳው ያየ፣ በሯ ጨዋታ ባለበትም በሌለበትም ቀን የሚከፈት። የዋንጫው ፎቶ ይሰቀል። ካይሮ ላይ የተለበሰው መለያ ልብስ፣ የበረኛው ጓንት፣ የሐዋሳው ጨዋታ መግቢያ ትኬት ይቀመጥ። ደጋፊዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ከነአንሺያቸው ስም ይደርደሩ። መለያ ምቱን ማን መጀመሪያ እንደመታ፣ ማን እንደሳተ፣ ማን እንደጨረሰ በትልቅ ፊደል ይጻፍ። እነዚህ ዕቃዎች ዛሬ በሰው ቤት አሉ፤ ነገ አይኖሩም። ጓንት ያልቃል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ትኬት ኪስ ውስጥ ይታጠባል። ከ1954ቱ ዋንጫ ስንት ነገር እንደጠፋብን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የወላይታ ትዝታ ገና ትኩስ ነው፤ ባለቤቶቹም በሕይወት አሉ።

ሌላም ነገር በክፍሏ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ስሙ። ድቻን አገሩ ሁሉ «የጦና ንቦች» ይለዋል። ካዎ ጦና የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ነው፤ በ1887 ዓ.ም. የምኒልክን ጦር ተፋልሞ፣ ቆስሎ የተማረከ። ከድሬዳዋ ወይም ከመቀሌ የመጣ ደጋፊ «የጦና ንቦች» የሚለውን በሬዲዮ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ጦና ማን እንደነበር የጠየቀ ግን ስንቱ ነው? ስሙ ራሱ ወደ ታሪክ የሚያስገባ በር ነው። በሩ ላይ የሚቆም አስረጂ ብቻ ነው የጎደለው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መካሄድ ጀመሩ። በኮሮና ዘመን የመጣ አሠራር ነው፤ የቴሌቪዥን ሥርጭቱም ከዚያው ጋር መጣ። ሥርጭቱ ለሊጉ ገንዘብ አምጥቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሐዋሳ፣ አዳማና ድሬዳዋ እንግዳ ሲቀበሉ ሶዶ ልጆቿን በስክሪን ማየት ያዘች። ሻይ የሚሸጡ እናቶች፣ ኮፍያና ስካርፍ የሚሸጡ ወጣቶች፣ ባጃጅ የሚነዱ ልጆች የጨዋታ ቀን ገቢያቸው ቀረባቸው። ይህ ያሳዝነኛል። ኳስ ከሠፈሩ ሲርቅ ልጆች ሜዳ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ጀግናቸውን የሚያዩበት ዕድል ይቀራል። ሊጉ በየከተማው እንዲመለስ ሜዳዎቻችን መስፈርት ማሟላት አለባቸው፤ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ ብክነት አይደለም። እስከዚያ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ባርሴሎና ባዶ ሜዳ ያስጎበኛል ብያችኋለሁ። እኛም እንችላለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሻገር። እንግዳው ስታዲየሙን አይቶ ወጣ። ወዴት እንውሰደው?

እኔ ብሆን መጀመሪያ ወደ ዳሞታ እወስደዋለሁ። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከተማው ግርጌው ላይ ነው የተቀመጠው። ጠዋት በማለዳ ተነሥቶ እንሰቱንና ባሕር ዛፉን እያለፈ ወደ ላይ የወጣ ሰው፣ አየሩ ከጠራለት እስከ አባያ ሐይቅ ድረስ ያያል። ነገር ግን ዳሞታን ከሌላ ተራራ ሁሉ የሚለየው በጎኑ ያለው ሞቼና ቦራጎ ነው። ወደዚያ በሄድኩ ጊዜ መንገድ የመራኝ የአካባቢው ወጣት ነበር። ዋሻው አፉ ሰፊ ነው፤ ጣሪያው እንደ አዳራሽ ከፍ ያለ ዓለት ነው። ከውስጡ ሆናችሁ ወደ ውጭ ስታዩ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። የጥንት ሰዎች ለምን እንደመረጡት ያኔ ይገባችኋል። ዝናብ አይደርስባቸውም፤ የሚመጣውንም አውሬና ሰው ከሩቅ ያያሉ።

ዋሻውን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳውያን፣ ከ2006 ወዲህ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመራ ቡድን ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆኖ ቆፍሮታል። ከመሬቱ ከወጣው ነገር ብዙው ከጥቁር ባልጩት የተሠራ መሣሪያ ነው፤ መስታወት የመሰለ፣ ጠርዙ ዛሬም እጅ የሚቆርጥ። ተመራማሪዎቹን እዚህ ድረስ ያመጣቸው አንድ ትልቅ ጥያቄ ነው። ዓለም በደረቀበት፣ ቆላው በረሃ በሆነበት በዚያ ዘመን የሰው ልጅ የት ተጠለለ? ከተሰነዘሩት መልሶች አንዱ ዝናብ የማይለያቸው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች መጠለያ ሆነውታል የሚል ነው። እስቲ አስቡት! ይህ ሐሳብ ከጸና ዳሞታ የወላይታ ተራራ ብቻ አይደለም፤ የሰውን ዘር ከድርቅ ካሸሸጉት ደጋዎች አንዱ ነው።

የድንጋይ መሣሪያው ነገር ደግሞ በጥንት ብቻ የቀረ አይምሰላችሁ። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ በኮንሶና በጋሞ፣ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል። ከመላው ዓለም አጥኚ የሚመጣው ይህን ሙያ በዓይኑ ለማየት ነው። እኛ ግን ለረጅም ዘመን ባለሙያዎቹን በንቀት ስም ስንጠራ ኖረናል። ዋሻውን ለእንግዳ ስናሳይ ይህን ንቀት አብረን መቅበር አለብን። ባልጩቱን እያደነቅን ባለሙያውን ብናዋርድ እንግዳው ይታዘበናል፤ ልጆቻችንም ይታዘቡናል።

ከተራራው ስንወርድ እንግዳው ርቦታል። እዚህ ላይ ሶዶ ማንንም አትፈራም። ወላይታ በሰንጋው የታወቀ አገር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሥጋ ቤቶች «የወላይታ ሰንጋ» ብለው የሚጽፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ቁርጥ በልቶ መሄድና ቁርጡ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይለያያሉ። ለእንግዳው ዳታ በርበሬው ሲወቀጥ ብናሳየውስ? በአንድ ቤት ጓሮ ያየሁት ዓይኔ ላይ አለ። አንዲት እናት ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና በሶብላውን አንድ ላይ ድንጋይ ላይ ትፈጨዋለች። ሽታው ከሩቅ ያስነጥሳል። ስትጨርስ በጣቷ ነክታ ቀመሰች፤ ዝም ብላ አሰበች፤ ከዚያ ጨው ጨመረች። ሙያ ማለት ያ ዝምታ ነው። አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ቆሞ ያንን ቢያይ ማዕዱ ላይ የሚቀርብለት ሥጋ ሌላ ጣዕም ይኖረዋል። ከቁርጡ ጎን በቆጮ የተሠራ ሙቹዋ ይቅረብለት፤ እንሰት የማያውቅ እንግዳ ከሆነም ቆጮው ከየትኛው ተክል እንደወጣ ወስዳችሁ አሳዩት። በመጨረሻ በቅመም የፈላ የቡና ቅጠል አጠጡት። አዲስ አበባ አያገኘውም።

እንግዳው በመስከረም ከመጣ ደግሞ ዕድለኛ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሁድ ይውላል። ወንዶቹ ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ ይገባሉ። የተጣላ ይታረቃል፤ ዕዳ ያለበት ይከፍላል። ቁጠባን፣ ዕርቅንና ማዕድን አንድ ላይ የያዘ በዓል ነው። ስለ ጊፋታ ብቻ ሌላ ቀን መነጋገር ይገባናል፤ ዛሬ ጊዜው አይበቃም።

የቀረውን በአጭሩ ላልፈው። ሁለተኛ ቀን ላለው እንግዳ በአረካ በኩል አጆራ አለለት፤ አጃንቾና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን ገደል የሚገቡበት መንታ ፏፏቴ። ምህንድስና የሚወድ ከሆነ በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞ ወንዝ ላይ የቆመውን ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ይይ፤ ቁመቱ 243 ሜትር ነው፣ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት፣ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም.። ታሪክ የሚወድ ከሆነ ካዎ አማዶ ያሠራውን የመከላከያ ካብ አሳዩት። ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከቀጠለ አርባ ምንጭ ነው። ብዙ አስጎብኚዎች ሶዶን ወደ አርባ ምንጭ ሲያልፉ ነዳጅ የሚቀዱባት ከተማ አድርገዋታል። ይህ ልማድ መሰበር አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከተማዋ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ለስብሰባ የሚመጣው ሰው በዝቷል። ይህም ሰው ቀን አዳራሽ ውሎ ማታ ሆቴሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ከማየት ሌላ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል። ስታዲየሙንና ሞቼና ቦራጎን አብረን እንሽጥለት።

ወደ ሦስተኛውና መጨረሻው ነጥቤ ደርሻለሁ። ምን እናድርግ?

ለደጋፊዎች ልናገር። እናንተ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ድሬዳዋ ቡድናችሁን ተከትላችሁ ትሄዳላችሁ። ሶዶን የምታስተዋውቁት እናንተ ናችሁ። ዱንጉዛችሁን ለብሳችሁ ስትዘፍኑ አጠገባችሁ የተቀመጠው የሌላ ቡድን ደጋፊ ያያችኋል። ቆሎ ዝገኑለት። «አንድ ቀን ወደ ዳሞታ ና» በሉት። እኔን ዛሬ እዚህ ያደረሰኝ አንድ እፍኝ ቆሎ ነው።

ለሆቴል ባለቤቶች። እንግዳው ሲመዘገብ «የት ሊሄዱ አስበዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛ ይኑራችሁ። ወደ ተራራው የሚወስድ ታማኝ ልጅ ስልክ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ዋጋውም አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። በአንድ ከተማ፣ ስሙን አልጠራም፣ ባጃጅ የያዘ ልጅ እንግዳ መሆኔን አይቶ ከተስማማነው ሦስት እጥፍ ጠየቀኝ። ወደዚያ ከተማ አልተመለስኩም። ሶዶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይለመድ ከወዲሁ ተነጋገሩበት።

ለወጣቶች። ስለ ሞቼና ቦራጎ የተጻፈውን አንብቡ። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማችሁ ውስጥ ነው፤ መምህራኑን ጠይቋቸው። በወላይትኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚያስረዱ አሥር ልጆች ከወጡላችሁ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ዋሻው ውስጥ ግን ድንጋይ አታንሡ፣ ግድግዳው ላይ ስማችሁን አትጻፉ፣ የሚያደርገውንም ዝም አትበሉ። አንዴ የተነካካ ዐፈር የያዘው ዘመን ይደባለቃል፤ ማንም አይመልሰውም።

ቀኑን እንዴት እንደማስተካክለው ከጠየቃችሁኝ እንዲህ ነው። እንግዳው ቅዳሜ ጠዋት ይግባ። ከሰዓት ጨዋታ ካለ ጨዋታ፣ ከሌለ የድቻን ክፍልና ሜዳውን ይይ። ማታ ቁርጥ ይብላ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ዳሞታ ይውጣ። ሰኞ በአጆራ በኩል አድርጎ ይመለስ። እኔ በ2011 ዓ.ም. ይህን የሚነግረኝ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ሾፌሩን እለምነው ነበር።

ውድ አድማጮቼ፣ የድቻ ክፍል የሚጀመረው ከመሠረት ድንጋይ በፊት በዕቃውና በትዝታው ነው። ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረን በሩ ላይ ጠረጴዛ አስቀምጠናል፤ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ደብተር አለ። የሐዋሳው ጨዋታ ትኬት ያላችሁ፣ ፎቶ ያነሣችሁ፣ መለያ ልብስ ያስቀመጣችሁ ስማችሁንና ያላችሁን ጻፉልን። ዕቃ የሌላችሁም አትለፉት። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት፣ ድቻ ካይሮ ላይ መለያ ምት ሲመታ፣ እናንተ የት እንደነበራችሁና አጠገባችሁ ማን እንደነበረ ሁለት መስመር ጻፉ። እኚያን የዱንጉዛ ኮፍያ ያደረጉ አባት የሚያውቃቸው ካለም ይዟቸው ይምጣ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ለእሳቸው ትቼላቸዋለሁ።